ጠመንጃ የወጣለት

ወሬውን ያመጣው ጓዴ የሚሉት ሰው ነው። ጓዴ ከቢቸና ሞጣ አህያ ጭኖ የሚመላለስ ነጋዴ ነው፤ ከሸቀጡ ይልቅ ወሬው ይቸበቸብለታል ይሉታል። ያን ሰሞን ግን አንዲት ወሬ ብቻ ነበረችው። «ደምለው ታሞ ሞጣ ተኝቷል አሉ» አለ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ጨው እያወረደ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደገመው። ሰኞ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች መንገድ ላይ ቢያገኙት ያችኑ አላቸው። ማን አለ ሲሉት «ሰዎች ናቸዋ»፤ ምኑን አመመው ሲሉት «እንግዲህ በሽታ ነዋ» እያለ አህያውን ይነዳል።

ፋንታነሽ የሰማችው ምንጩ ዳር ነው። እንስራዋን ሳትሞላ ተወችው። የደምለው ታላቅ እህት ናት፤ ባሏን «አንተ ጋ ከማረጅ ከእናቴ ጋር እየተጣላሁ ልኑር» ብላ ፈትታ ከተመለሰች ወዲህ የእናቷን ቤት የምታዝዘው እሷ ነበረች። ሰው ምላሷን ይፈራል፤ እሷም መፈራቱን አትጠላውም። ከሁሉ የምትኮራው ግን ማንም ሳይነግራት ነገር ስለሚገባት ነው። ያን ዕለትም ገባት።

በዚያ አገር ሞት እንደመጣ አይነገርም። መጀመሪያ ሰውየውን «ትንሽ አመም አድርጎታል» ይሉታል። ሰንበት ብሎ «ጠናበት» ይሆናል። በመካከሉ ዘመድ ከየቦታው ይጠራል፣ እህል ይፈጫል፣ ጠላ ይጠመቃል፤ አገር ሁሉ ያውቃል፣ ባለሐዘኑ ብቻ አያውቅም። ከዚያ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ ይቆማሉ። ደግነት ነው ይሉታል። ፋንታነሽን በልጅነቷ በዚህ ደግነት አጥግበዋታል።

አባቷ አካለ ወልድ በጠላት ጊዜ ዓባይ በረሃ ወርዶ ከአርበኞች ጋር ሲዋጋ ቀረ። እናቷ ወለተ ኢየሱስ ያኔ ደምለውን እርጉዝ ነበረች፤ ስለዚህ አዘኑላትና «ቆስሎ ዓባይ ማዶ ዘመድ ቤት ተኝቷል» አሏት። ስትወልድ ደግሞ «ክረምቱ ይውጣ፣ ይመጣል» አሏት። ከዚያ በኋላ ማን ይንገራት? አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ፣ ደግ ሰው ሁሉ ደግነቱን ይዞ በደጇ ሲያልፍ፣ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። እሷም ሌማቱን በከፈተች ቁጥር የባሏን ድርሻ ለብቻ ታስቀምጥ ነበር። ጠላት ወጥቶ፣ ጃንሆይ ገብተው፣ የዘመተው ሁሉ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው ሰውየው በረሃ በወረደበት ሳምንት መሞቱ የተነገራት።

በዚያን ጊዜ ለቅሶው አልፎበታል። የጓደኞቹ ሁሉ ለቅሶ በየሜዳው ተለቅሷል፤ ጠመንጃቸው ወጥቷል፣ ፈረሳቸው ተጭኗል፣ ሙያቸው ተፎክሯል። አካለ ወልድ በረሃ ሲወርድ ቤት የተወው ምንሽር ጠመንጃና ዝናር ግን ከተሰቀለበት አልወረደም። አልጋው ላይ አርጅቶ እንደ ሞተ ሰው ፍትሐት ብቻ ተደረገለት። ፋንታነሽ እኩዮቿ የአባቶቻቸውን ዝናር ታጥቀው ለቅሶ ሜዳ ሲዞሩ ዳር ቆማ አይታለች። «ያንቺ አባት ሞቶ ነው ወይስ ጠፍቶ?» ያለቻትን ልጅ ፀጉር ነጭታለች።

ደምለው አድጎ ወታደር ሆነ። ወሬው በመጣበት ዓመት፣ በሃምሳ ስድስት፣ የካቲት ላይ በኦጋዴን ጦርነት ሲነሣ እሱም መዝመቱን ሰሙ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ይኸው ሰኔ ገባ፣ ጓዴም ታሟል እያለ ይዞራል። ኦጋዴን የዘመተ ሰው ሞጣ ምን ሊሠራ? ሞጣ እኮ ቢቸናን አልፎ ነው። የእናቱን ቤት በመኪና አልፎ ሄዶ ሰው አገር ታመመ? ለውሸቱ እንኳ አልደከሙበትም፣ አለች በልቧ።

ወደ ማታ ጓዴ በአጥራቸው በኩል ሲያልፍ ጠራችው። ጠላ ሸትቶት የማያልፈው ሰው ያን ቀን ግባ ብትለው መሸብኝ አለ።

«አይተኸዋል?» አለችው።

«እኔ? የት አይቼው። አሉ ነው የምልሽ፣ እቴ ፋንታነሽ።»

«ዓይኔን እያየህ ንገረኛ።»

ጓዴ የአህያውን ጆሮ አየ።

«የታመመው ማነው? ወንድሜ ነው አህያህ?»

«ታሟል ብቻ ነው የሰማሁት። ሰው ይላክ ብለዋል» አለና አህያውን መትቶ ሄደ። ነጠላው በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ወደ ቤት ተመለሰች። እናቷ በሶ ስትነፋ አገኘቻት። ቅቤው ተነጥሮ በቅል ተቀምጧል። ታሟል ካሉ ታሟል፣ ሰው ይላክ ካሉ ይላካል፣ ይኸው ነው የእሷ ነገር። ራሷ እንዳትሄድ እግሯ ከቤተ ክርስቲያን አያሳልፋትም፤ ወንድሟን ባዘዘውን አስጠርታለች።

«አባቴንም ታሟል ብለውሽ ነበር» አለች ፋንታነሽ።

ወለተ ኢየሱስ ወንፊቱን አላቆመችም። «ይህኛው እውነት ቢሆንስ?» አለች።

ፋንታነሽ እሳቱን ቆሰቆሰች። ለሞኝ ምን ይመለሳል?

አያ ባዘዘው ስንቁን በበቅሎ ጭነው በማግስቱ ማለዳ ወጡ፤ አድረው በበነጋታው ፀሐይ ሳትገባ ተመለሱ። ገና ሳይወርዱ «ተሽሎታል» አሉ። ገንፎ መብላቱን፣ ክረምቱን እዚያው አርፎ ለመስቀል እንደሚመጣ፣ ለእናቱ ሰላምታ መላኩን ሁሉ አንድ ባንድ አወሩ። ወለተ ኢየሱስ ጉልበታቸውን ሳመች። ፋንታነሽ በቅሎዋን እየሳበች ወደ ጋጣ ወሰደቻት። በቅሎዋ ትፈነጥዛለች። ሞጣ ደርሳ የተመለሰች በቅሎ፣ በዚያ ጭቃ፣ እንዲህ አትፈነጥዝም።

ባዘዘው ኮርቻውን ሊያወርዱ ተከትለዋት ሲገቡ በሩን ዘጋችባቸው።

«አያ ባዘዘው፣ የት ነው ያደሩት?»

ሽማግሌው ወደ ቤቱ በኩል አዩ። «ክርስትና ልጄ ቤት፣ ከወንዙ ወዲህ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሄጄስ ማንን ልጠይቅ? እናትሽ ይቺን ጥቂት ቀን እህል ትቅመስ ብዬ ነው።»

«ማን ነገረዎ?»

«ይህ ደግሞ ሰው ይነግረዋል? ኦጋዴን የዘመተ ልጅ ሞጣ ታመመ ሲሉኝ አይገባኝም? ላንቺስ ማን ነገረሽ?»

«ገባኝ» አለች።

እዚያው ጋጣ ውስጥ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ተላቀሱ። ድምፅ ስላልወጣው ነው እንጂ የደምለው ለቅሶ የተጀመረው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ፋንታነሽን የሚያቆማት አልተገኘም። ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ አለቃ ወልደ ኪዳን ሄዳ መርዶውን እንዲነግሩላት ጠየቀች። አለቃ ደንግጠው፣ ከጓዴ ወሬ ሌላ አንድም ነገር እንዳልሰሙ ነገሯት። እሷም ይህን መልስ ጠብቃ ነበርና አልገረማትም፤ ያኔም እንዲሁ ነበር የሚሉት። ሬሳውን ወይም ሞቱን ያየ ሰው ሳይኖር ፍትሐት እንዴት ይሆናል ቢሏት ግን ቱግ አለች።

«አባቴን ያየ ሰው ሲጠበቅ ምን አገኘ? ‹ዓባይ ማዶ ተኝቷል› ብለው እናቴን ያባበሏት እርስዎ አልነበሩም?»

ነበሩ። አለቃ አቀረቀሩ። ይህች ሴት እንዲህ አፏን ሞልታ የምትናገረው ከጦሩ ቤት አንድ ነገር ቢደርሳት ነው ብለው አሰቡ፤ እሷ ደግሞ ማቀርቀራቸውን ማወቃቸው አደረገችው። ወንዞቹ ሳይሞሉ፣ የሩቁም ዘመድ ሳይቀር፣ ለሰኔ ጊዮርጊስ ማግስት ተቀጠረ።

ማለዳ ሽማግሌዎቹ ደጅ ሲቆሙ ወለተ ኢየሱስ ገና ፊቷን አልታጠበችም። አለቃ ተናግረው ሲጨርሱ ወንድሟን ፈልጋ ከመካከላቸው አገኘቻቸው።

«ገንፎ በልቷል አላልከኝም?»

ባዘዘው መሬት መሬት አዩ። ሴቶቹ ዋይ እያሉ ያዟት። እሷ ግን ወደየፊታቸው እየዞረች «ያየው ማነው? እስኪ ያየው ይንገረኝ» ትላለች፤ ሐዘን ናላዋን ነካት ተባለ።

ረፋዱ ላይ ለቅሶው ሜዳ ወጣ። ፋንታነሽ ምንሽሩን ከተሰቀለበት አውርዳ ራሷ ተሸከመችው። ይህ የወንድ ነው ቢሏት «ወንድ ቢተርፈኝ መች እነካው ነበር» አለች፤ መንገድ ለቀቁላት። ፈረስ ተጭኖ የአባቱ ዝናር በኮርቻው ላይ ተጋደመ፤ ከዝናሩ በላይ ደምለው በወታደር ልብስ የተነሣው ፎቶግራፍ ቆመ። አገር ጎረፈ። ከየጥኖራ የአባቷ ዘመዶች መጡ፤ ከሞጣ በኩል ካሉት መንደሮች ደምለውን ከነጭራሹ የማያውቁት ሁሉ ለአካለ ወልድ ስም ብለው መጡ። አንድ የአባቷ ባልንጀራ፣ ጥርስ ያልተረፋቸው አርበኛ፣ ጦር ነቅንቀው ፎከሩ። የደምለውን ሙያ ያየ የለም፤ በፉከራ ግን ይህ ማንንም አያሳፍርም፤ ምሽግ አሰበሩት፣ መትረየስ አስማረኩት። ፋንታነሽ እየሰማች ሁሉንም አመነችው። አልቃሿ አምሳለች እጇን ራሷ ላይ ጭና አወጣችው፦

አባት በረሃ ላይ፣ ልጁም በረሃ ላይ፣
እናት ደጃፍ ቆማ መንገድ መንገድ ስታይ።

ሜዳው አንድ ላይ ጮኸ። ጥይት ተተኮሰ። ፋንታነሽ ምንሽሩን ከፍ አድርጋ ስትዞር ከዚያ ሁሉ እንባ መካከል አንገቷ ቀና ብሎ ነበር። ለአባቷም ለወንድሟም ነው ያወጣችው፤ ያን ቀን ሁለቱም ተለቀሱ፤ ከእንግዲህ ጠፍቶ ነው ሞቶ የሚላት የለም።

ጓዴም መጥቶ ዳር ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ ባዘዘው ጠጋ ብሎ በነጠላቸው ጫፍ ያዛቸውና «እኔ እኮ ታሟል ብቻ ነው ያልኩት» አላቸው። ባዘዘው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ተወው ጓዴ፣ ከእንግዲህ ማባበል አያስፈልግም። የድርሻህን ተወጥተሃል።» ጓዴ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፎካሪው ሲነሡ ዘጋው።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ሰው ለቅሶ ማለት ይህ ነው እያለ ተበተነ። ከሞጣ በኩል የመጡት ወንዙ ሳይሞላ ለመሻገር ተጣደፉ።

ክረምቱን ሰው ሁሉ ፋንታነሽን አከበራት። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቦታ ይለቁላታል፤ የአካለ ወልድ ልጅ፣ የደምለው እህት ይሏታል። እናቷ ግን ከደጃፉ መደብ አልነሣም አለች። የምታየውም የሞጣን መንገድ ነው። ፋንታነሽ መጀመሪያ ተቆጣቻት፤ ኋላ ለመነቻት፤ ኋላ ተወቻት።

መስቀል አልፎ መንገዱ እንደ ደረቀ፣ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ በቅሎ እየሳቡ መጡና የአካለ ወልድን ቤት ጠየቁ። አብዱሰመድ እባላለሁ፣ የሞጣ ነጋዴ ነኝ አሉ። በክንዳቸው የወታደር ካፖርት አጣጥፈው ይዘዋል። ፋንታነሽ በርጩማ አወጣች፣ ወተት አቀረበች። ሽማግሌው ወተቱን ተቀብለው ሳይጠጡት መሬት አስቀመጡት።

«ሐዘኑ የጋራችን ነው» አሉ ወደ እናቲቱ ዞረው። «አላህ ያጽናዎት። እኔም የወንድ ልጅ ሐዘንተኛ ነኝ። ልጄ ይማምና ልጅዎ ባንድ ጦር ነበሩ። ልጄ ኦጋዴን ቀረ፤ መርዶውን ሊነግረኝ የመጣው ልጅዎ ነው።»

ፋንታነሽ አቋረጠቻቸው። መቼ ነው የመጣው አለች።

ግንቦት ሲያልቅ ነው አሉ አብዱሰመድ። በጭነት መኪና በዚህ በቢቸና ሲያልፍ አብረውት የተሳፈሩት ውረድ ቢሉት፣ የሰው መርዶ ይዤ እናቴ ቤት አልገባም ብሎ አልወረደም። የይማምን ዕቃ አስረክቦ፣ እንደ ልጅ ከሳቸው ጋር አልቅሶ፣ በማግስቱ ተስቦ ጣለው። ጓዴን ደጃፍ ጠርተው ሰው ይላኩ ብለው ነገሩት፤ ጓዴ በሽታውን ፈርቶ ቤት አልገባም፣ ግን አደርሳለሁ ብሎ ማለ፤ ከተስቦ ቤት መጣ ተብሎ ገበያ እንዳይሸሸው ስማችንን ሳይደብቅ አልቀረም። ከዚያ ጠበቁ። ሚስታቸው ኸይራት ሌሊትና ቀን አስታመመችው። የመጣ ሰው አልነበረም።

«ከዚያስ?» አለች ፋንታነሽ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «መቼ ነው ያረፈው?»

«ሐምሌ አቦ በዋለ ማግስት። ቄሶቹን ጠርቼ በወጉ አስቀበርሁት።»

ለቅሶው የተለቀሰው በሰኔ ነው። ፋንታነሽ ይህን ለማሰብ ጊዜ አላስፈለጋትም፤ ምሰሶውን ያዘች። አብዱሰመድ አዩዋትና አንገታቸውን ደፉ። ስለዘገየን አትውቀሱን አሉ፤ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ደግሞስ አልቅሳችሁ ለጨረሳችሁት ሰው ሞተ ብዬ ምን ልላክ?

ወለተ ኢየሱስ ከመደቡ አልተነሣችም፤ ያለቀሰችም አትመስልም። «ሲያርፍ ማን ነበረው?» አለች።

«እኔና ኸይራት ነበርን፣ እሜት።»

«በሽታው ከግንቦት እስከ ሐምሌ አልለቀቀውም?»

አብዱሰመድ ካፖርቱን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። ሊናገሩት ያልፈለጉት ነገር እንዳለ ፋንታነሽ ያኔ አየች፤ የሰው ፊት ማንበብ ታውቃለችና።

«ለቆት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ግርሻ ነው የገደለው።»

ሰኔ ሲጋመስ ትኩሳቱ ተወው አሉ። ራሱን ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ ግን በእግሩ ቆሞ፣ እናቴ ጋ ልሂድ አለ። ትንሽ ሰንብት ቢሉት እንቢ ብሎ ብርድ ልብስ ደርቦ በምርኩዝ ወጣ። ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አድሮ፣ በሦስተኛው በስብሶ፣ እየተንቀጠቀጠ ተመልሶ መጣ። ወንዙ ዳር ዝናብ ይዟቸው ዛፍ ሥር የተጠለሉ ሰዎች አግኝቶ ነበር። ከየት ትመጣላችሁ ቢላቸው፣ የአካለ ወልድን ልጅ ለቅሶ ውለን አሉት። ከመካከላቸው የሚያውቀው አልነበረም። አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ ለቅሶው ጠየቃቸው፤ እነሱም ከፈረሱ እስከ ፉከራው ሁሉን አወሩለት፤ ምንሽሩን እህቱ ራሷ ተሸክማ እንደ ዞረችም ነገሩት።

«ምነው ተመለስህ አልኩት» አሉ አብዱሰመድ፣ ወደ ፋንታነሽ ሳያዩ። «‹ጠመንጃ ወጥቶልኛል፤ አሁን ከተስቦ ተርፌ በእግሬ ብገባ አገር የሚስቀው በእህቴ ነው። ወሬው ይርገብ፣ መስከረም ሲጠባ እናቴን እዚህ አስመጣታለሁ› አለኝ። በዚያው ሌሊት ትኩሳቱ ተመለሰበት።»

ፋንታነሽ ከምሰሶው ሥር ቁጭ አለች። ከዚያ ወለተ ኢየሱስ መንገዱን እያየች፣ ልጇ ሰዎቹን ያገኛቸው ከወንዙ ወዲያ ነው ወዲህ ብላ ጠየቀች።

«ወዲህ ነው» አሉ አብዱሰመድ። «ወንዙን ተሻግሮ ነበር።»